በእሱ ልክ የተሞላ ከረጢት

«እማ፣ ሻዩ ቀዝቅዟል በይልኝ» አለች ሰልዋ፣ አባቷ እጁን ቢዘረጋ ትከሻዋን በሚነካበት ርቀት፣ በዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እየሰማት። ፈትሂያ አንድ ጊዜ ልጇን፣ አንድ ጊዜ ባሏን ተመለከተች። ቃሉን ሳታደርስ ብትቀር ለአንዱ ወገን እንዳደላች ይቆጠርባታል፤ ስለዚህ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቀዝቅዟል ትላለች» አለች። ጀማሉዲንም ልጁ በሌላ ከተማ ያለች ይመስል «ግድ የለም፣ እንዲሁ እጠጣዋለሁ በያት» ሲል መለሰ። ሼክ ኑር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር በተከራዩት በዚህ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ቃል በሦስተኛ ሰው በኩል መተላለፍ ከጀመረ ሳምንታት አልፈዋል። ፈትሂያ በመጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥሎ ተቆጣች፤ በመጨረሻም ሁለቱም እንደማይሰሟት ስትረዳ መልእክት ማድረሱን ውሃ እንደ መቅዳትና ልብስ እንደ ማጠብ ከቤቱ ሥራዎች እንደ አንዱ አድርጋ ያዘችው።

ጀማሉዲን የቀዘቀዘውን ሻይ ጨልጦ ሊነሣ ሲል ዓይኑ ግድግዳ ተደግፎ በቆመው ፍራሽ ላይ አረፈ። በዚያ ቤት ፍራሾቹ ማታ ይነጠፋሉ፤ ቀን ቦታ እንዳያጣብቡ ተነሥተው ይቆማሉ። ከኮምቦልቻ ወጥቶ ሀርጌሳ ከገባ ጀምሮ መተዳደሪያው ፍራሽ መስፋትና መሙላት ነው። ሰው የተኛበትን ፍራሽ አይቶ ስለ ተኚው ብዙ ሊናገር ይችላል፤ በጎኑ ይተኛ እንደሆነ፣ ወገቡን ያመው እንደሆነ፣ ብቻውን ያድር እንደሆነ። በዚህኛው ላይ ያየው ጉድጓድ ግን የተኛ ሰው የሚሠራው ዓይነት አልነበረም። በደረት ከፍታ ላይ፣ ጎን ለጎን፣ የቡጢ ስፋት ያላቸው ሁለት ስርጉዶች ነበሩ፤ ጨርቁ እዚያ ላይ ሳስቶ ስፖንጁ ሊታይ ደርሷል። ቀስ ብሎ ወደ ልጁ እጆች ተመለከተ። ብርጭቆ ስትሰበስብ የጣቶቿ አንጓ ቆዳው ተልጦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተልጦ አየው። እሷም ማየቱን አየችና እጇን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች። እሱ ወደ ሥራ፣ ፈትሂያ ወደ ገበያ ሲወጡ፣ ቤት ብቻዋን የምትውለው ልጅ ምን ስትሠራ እንደምትውል ያን ጊዜ ገባው።

ነገሩ የመጣው ሰልዋ ተቀጥራ ከነበረችበት የሽቶና የመዋቢያ ሱቅ ነው። አንድ ጠርሙስ ሽቶ ጠፋ ተባለ። የባለሱቁ ወንድም ፈርሐን ደንበኛ በሞላበት ሰዓት ከመደርደሪያው ጀርባ ጎትቶ አወጣትና «ሌባ!» ብሎ በጥፊ መታት። ሽቶው በማግስቱ በሌላ ካርቶን ውስጥ ተገኘ፤ ጥፊውን ያየ ሰው ሁሉ ግን ሽቶው ሲገኝ አላየም። ቀናት ቆይቶ የሰፈሩ ዓቂል፣ ማለትም የሰው ጠብ እያዩ የሚያስታርቁት ሽማግሌ ዒሴ፣ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው እስከዚች ቤት መጡ። ጀማሉዲን እንግዶቹን ከሁሉ በሚሻለው ፍራሽ ላይ አስቀመጠ። ዒሴ ስለ ወጣቱ ግልፍተኝነት ተናገሩ፤ ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዚያም ቀና ብለው በልጅቷ ላይ የሆነውን አባቷ በአንደበቱ እንዲናገር ጠየቁት። ጀማሉዲን የወሎ ሰው ነው፤ ቤቱ ድረስ መጥቶ ይቅርታ ለጠየቀ ሰው የሚመለሰውን መልስ ከአባቱ ተምሯል፤ «ምንም የተፈጠረ ነገር የለም» ይባላል። ይህንኑ ወደ ሶማሊኛ ገልብጦ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ዋሕባ ማ ዺዒን» አለ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዒሴ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ እርቁ እንዲጸና ፋቲሓ ተቀራ፤ ሻይ ተጠጣ፤ እንግዶቹ መርቀው ሄዱ። ሰልዋ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ከዚያች ዕለት ጀምሮ አባቷን አላናገረችውም። እሱም ይቅርታ ማድረጌን አልወደደችውም፣ ወጣትነት ነው፣ ያልፋል ይላል እንጂ ከዚህ የባሰ ነገር ይኖራል ብሎ አልጠረጠረም።

ያን ጠዋት የወጣው ወደ ፍራሽ መደብሩ ሊሄድ ነበር፤ እግሩ ግን ወደ ማስተር ባሬ አዳራሽ ወሰደው። ባሬ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ጎልማሳ ሆኖ ወደ አባቶቹ አገር የተመለሰ የሀርጌሳ ሰው ነው፤ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ረጅም ክፍል ውስጥ ቴኳንዶ ያስተምራል። ሰልዋም ሥራ ሳትይዝ በፊት በሴቶቹ ሰዓት እዚያ ትማር ነበር። አሁን መንገድ ላይ የሚያያት ሰው ሁሉ ጥፊውን ያየ ስለሚመስላት ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ ጀማሉዲን ያሰበው፣ እሷ ወደ አዳራሹ ካልሄደች፣ በአዳራሹ ተንጠልጥሎ በቡጢ የሚመታውን ዓይነት ከረጢት ወደ እሷ ማምጣት ነው። ደግሞስ ከረጢት ማለት የቆመ ፍራሽ አይደለምን?

ባሬ ወለሉን እየጠረገ አገኘው። «ጋሽ ጀማል! ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያስተኙ መጡ? እኛ እዚህ ሰው የምናስተኛው በቡጢ ነው፤ ፍራሽ አንፈልግም።»

«አልሸጥልህም፤ ልማር ነው የመጣሁት» አለ ጀማሉዲን። «ይቺን የምታንጠለጥሏትን ከረጢት መስፋት ፈልጌ ነበር። በምን እንደምትሞላ ንገረኝ።»

ባሬ መጥረጊያውን አስደግፎ ወደተንጠለጠሉት ከረጢቶች ወሰደው። የመጀመሪያው በአሸዋ የተሞላ ነበር፤ አሸዋው በጊዜ ብዛት ወደ ታች ወርዶ ተቀምጧል፤ እግሩ ድንጋይ፣ አንገቱ እንደ ባዶ ካልሲ የተንጠለጠለ ሆኗል። ሁለተኛው በእንጨት ቤት ሰጋቱራ የተሞላ ነበር፤ የዝናብ ወር እርጥበት ጠጥቶ ጡብ ሆኗል፤ ባሬ እንደነገረው አንድ ተማሪ ጣቱን የሰበረው በዚህኛው ነው። ሦስተኛው በአሮጌ ጨርቅ ተሞልቷል። ጀማሉዲን በመዳፉ ተጫነው፤ ፍራሽ እንደሚፈትን በክርኑም ገፋው። ከረጢቱ እጁን ጥቂት አስገባውና ከዚያ ወዲያ አላሳልፍም አለው። ወደደው። «በስፖንጅ ቢሆንስ?» ሲል ጠየቀ፤ የስፖንጅ ትርፍራፊ ከመደብሩ ጥግ አይጠፋም። ባሬ ሳቀ። ስፖንጅ ቡጢውን ተቀብሎ መልሶ ይወረውረዋል፤ ፍራሽ ሰው እንዲያርፍበት ነው፣ ይህ ግን እንዲደክምበት ነው አለው። ጨርቅ ይሁን፤ ግን ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ማንኛውም ብረት ተቆርጦ ይውጣ፤ በየንብርብሩ እየተወቀጠ ይግባ፤ አለዚያ እሱም ውሎ አድሮ እንደ አሸዋው ይወርዳል። «ክብደቱ ደግሞ የመቺው ኪሎ ግማሽ ነው» አለ ባሬ። «ከዚያ ከቀለለ ይሸሻል፤ ከከበደ አንጓ ያወልቃል። ማን ነው የሚመታው?»

«ሰልዋ ናት።»

«ስንት ኪሎ ናት?»

ጀማሉዲን ባለትዳሮች ፍራሽ ሊያሠሩ ሲመጡ ሁለቱንም ገና በበር ሲገቡ አይቶ ምን ያህል ስፖንጅ እንደሚበቃቸው ያውቃል። የልጁን ክብደት ግን አያውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ የተሸከማት ከጅግጅጋ በመጡበት መንገድ ላይ፣ እንቅልፍ ጥሏት ትከሻው ላይ ስትወድቅ ነበር፤ ያን ጊዜ እንደ አንድ ትራስ ነበረች።

«ጋሽ ጀማል፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን አይቆጡኝ» አለ ባሬ። «ለምንድነው ፈርሐን አልመታትም ያሉት?»

«ማን? እኔ?»

«ሻይ ቤቱ ሁሉ የሚያወራው ይሄንን ነው። አባቷ ራሱ በዓቂሉ ፊት ምንም አልሆነም ብሎ መሰከረ፤ ልጅቷ ናት ከራሷ የፈጠረችው ይላሉ። ሽቶውንም ሳይቀር…»

«እኔ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም ነው ያልኩት! ሰው ቤቴ መጥቶ ይቅርታ ሲለኝ ምን ልበል?»

«በአማርኛማ ትክክል ነዎት። ለኔ ቢሉኝ ይገባኛል፤ ተወው፣ ይለፍ ማለትዎ ነው። ግን ዓቂል ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቅዎት በሶማሊኛ ዋሕባ ማ ዺዒን ካሉ፣ ምስክርነት ነው። አልሆነም ማለት ነው። አለቀ።» ባሬ ይህን ሲናገር ወደ ከረጢቱ እንጂ ወደ እሱ አልተመለከተም። «የመጡት እኮ ሊፈርዱላት ነበር። ፈርሐን እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በደንበኛ ፊት፣ ሌባ አይደለችም እንዲል ሊያደርጉት ነበር። ሰልዋ ደግሞ እዚህ ነው ያደገችው። እርስዎ በአማርኛ ያሰቡትን እሷ በሶማሊኛ ነው የሰማችው።»

ጀማሉዲን ከአዳራሹ ሲወጣ ፀሐዩ ከፍ ብሏል። የባጃጆች ጥሩምባ፣ ካርቶን የሚያመነዥኩ ፍየሎች፣ ነፋሱ የሚያነሣው ቀይ አቧራ፣ ሁሉም በየዕለቱ እንደሚያያቸው ነበሩ፤ እሱ ግን በማያውቀው ከተማ እንደሚሄድ ሰው በየማዕዘኑ እየቆመ ይሄድ ነበር። እስከ ዛሬ በዚህ አገር ሰው ሳያስቀይም የኖረው በዚያች ቃል ነው። ደንበኛ ቢያጭበረብረው ምንም አይደለም ብሏል፤ አከራያቸው ራሕሞ ውሃ ስትዘጋባቸው ምንም አይደለም ብሏል። የሰው አገር ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የኖረ ሰው ቃሉ ተመዝኖ ይያዝብኛል ብሎ አያስብም። ልጁ ያን ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ሆና የሰማችው አባት ይቅር ባይ ሳይሆን የካዳት አባት ነበረ። ይህን ሲያስብ ከመደብሩ መንገድ ተመልሶ ዒሴን ፍለጋ ሄደ።

ዒሴን ያገኛቸው በገበያው ዳር፣ ሽማግሌዎች በሚውሉበት የሻይ ዳስ ሥር ነው። አክብረው ተቀበሉት፤ ከጎናቸው አስቀመጡት፤ ስለ ጤናውና ስለ ቤተሰቡ ጠየቁት። እሱም በተሰባበረ ሶማሊኛ፣ ያን ዕለት ያለው ቃል በአገሩ የአክብሮት ቃል እንደሆነ፣ ልጁ በእርግጥ እንደተመታች አስረዳ። ዒሴ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እስኪጨርስ ሰሙት።

«ፋቲሓ ተቀርቶበታል፣ ወንድሜ» አሉ ረጋ ብለው። «ፋቲሓ የተቀራበትን ነገር መክፈት ቀላል አይደለም። የፈርሐን ቤተሰቦችም ሰው ቃሉን ለምን ይለዋውጣል ይሉኛል።» ከዘራቸውን መሬት ላይ ጫን ጫን አደረጉ። «ግን እንግዳ ሰው በማያውቀው ቋንቋ አፉ ቢሰናከል አላህ ያውቀዋል። እኔ ነገ ወደ ገጠር እሄዳለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ዛሬ ከቀትር በኋላ፣ ከዐስር ሰላት ስንወጣ፣ እዚሁ ና። ያን ቀን የተቀመጡት ይቀመጣሉ፤ ፈርሐንንም አስጠራዋለሁ። ከጎንህ የሚቀመጥ አንድ ሰው ይዘህ ና፤ ብቻህን አትምጣ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ እንጨርሳለን። ካንተ የምፈልገው አንድ ቃል ነው፤ መታት በል። እኔ ሌላውን እጨርሰዋለሁ።»

ጀማሉዲን እጃቸውን ጨብጦ ተነሣ። ወዲያው ለባሬ ደወለለት፤ ባሬም «ከጎንዎ እቀመጣለሁ፤ እዚያው ቀድሜዎት እገኛለሁ» አለው። ወደ መደብሩ ሲሄድ ቃሏን በሶማሊኛ ተለማመዳት፤ «ዉ ዻርባሐይ»፣ በጥፊ መታት። ለብቻው ሲላት ቀላል ናት። ነገር ግን የነዚያን ሰዎች ፊት በዓይነ ኅሊናው ደርድሮ፣ ፈርሐንን መሀላቸው አስቀምጦ ሲላት ከግማሿ ቆርጦ እንደ አዲስ ይጀምራታል። የፈርሐን አጎቶች በገበያው ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ከእሱ ፍራሽ የሚወስዱትም ከእነሱ መካከል ናቸው። ይህን ሐሳብ «አዑዙ ቢላህ» ብሎ ከራሱ ላይ አባረረው፤ ሐሳቡም እንደ ተባረረ ውሻ ጥቂት ርቆ ተከተለው።

መደብሩ ሲደርስ ከጭነት መኪና ላይ የተረፈ ጠንካራ ሸራ አወጣ። ለካ፤ ቆረጠ፤ ጎንና ጎኑን ድርብ አድርጎ በጆንያ መርፌ ሰፋው፤ ታቹን ክብ አድርጎ ዘጋው፤ አፉ ዙሪያ ሰንሰለት የሚያዝበት ቀለበት አስገባ። ከጎረቤቱ የሰልባጅ ልብስ ነጋዴ ለገዢ የማይሆኑትን፣ የተቀደዱትንና ቀለማቸው የለቀቀውን፣ በጆንያ ሞልቶ አመጣ። ፈትሂያ ምሳ የላከችው በሰልዋ እጅ ነበር፤ ምናልባት ሆን ብላ ይሆናል። ሰልዋ የመጣችው ኒቃብ ለብሳ ነው፤ ከዚህ በፊት ፊቷን ሸፍና አታውቅም ነበር። ገብታ ሳህኑን አስቀመጠችና የቆመውን የሸራ ቱቦ ከላይ እስከ ታች ተመለከተችው።

«ላንቺ ነው» አለ አባቷ።

ሰልዋ መልስ ልትሰጥ ፈልጋ ዞር ዞር አለች። ቃሏን የሚያደርስላት እናት እዚያ አልነበረችም። ጥቅል ስፖንጅ፣ የጨርቅ ክምር፣ ግማሽ የተሰፋ ትራስ ብቻ ነበረ። ኒቃቧን ወደ ላይ አነሣች፤ ከፊቷ ላይ መክሳቷ ይታያል።

«በምን ልትሞላው ነው?» ስትል ጠየቀችው።

ጀማሉዲን ድምጿ ወደ እሱ እንደተላከ ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ስለ አሸዋው፣ ስለ ሰጋቱራው፣ ስለ ጨርቁ፣ ባሬ ያለውን ሁሉ ከራሱ ላይ ጨምሮ፣ ለረጅም ዘመን ሰው ያላናገረ ሰው እንደሚናገር ነገራት። ክብደቱም የመቺው ግማሽ እንደሚሆን አስረዳት፤ በጎረቤቱ እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ ትቁምና በእሷ ልክ ይሞላል አላት።

«በእኔ ልክ አትሙላው» አለች።

«እንዴት?»

«በእሱ ልክ ሙላው። ግማሽ አይደለም፤ ሙሉውን።»

«ልጄ፣ አንጓሽን ያወልቀዋል። ከበድ ያለ ሰው ነው እኮ።»

«ያን ቀን ሲመታኝ የኔን ኪሎ ጠይቆ አይደለም የመታኝ።»

ጀማሉዲን መርፌውን ሸራው ላይ ሰካው። ከዚያም ሳይቀመጥ፣ ሳያስጌጥ፣ ጠዋት የሰማውን ነገራት፤ ቃሉ በአማርኛ ምን እንደነበረ፣ በሶማሊኛ ምን እንደሆነ፣ ዒሴ ዛሬ ከዐስር በኋላ እንደቀጠሩት፣ ፈርሐንም እንደሚመጣ። ሰልዋ መጀመሪያ አላመነችም። «ወላሂ በአማርኛ ነው ያሰብኩት» አላት። «ስፖንጅ ነጋዴዎቹን ስትከራከር ግን በሶማሊኛ ነው የምታስበው» አለችው፤ የአፏ ዳር ግን እንደ መሳቅ ብሎ ነበር። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ከሚገባው በላይ ረዘመ። እሷ መቀሱን አነሣችና በጨርቁ ክምር አጠገብ ተቀምጣ ቁልፎችን መቁረጥ ጀመረች።

ያ ቀትር ጀማሉዲን በሀርጌሳ ካሳለፋቸው ሁሉ የተመቸው ነበር ለማለት ይቻላል። እሷ ዚፕ ትተለትላለች፣ ቁልፍ ትቆርጣለች፤ እሱ ጨርቁን ንብርብር እያደረገ ወደ ሸራው ይከታል፣ በዘነዘና ይወቅጠዋል፣ እንደገና ይጨምራል። ፈርሐንን በሱቁ በር ላይ ቆሞ አይቶታል፤ ሰማንያ ኪሎ ቢሆን ነው ብሎ ገመተ። ጎረቤቱ ባለ እህሉ ሚዛኑን አዋሰው፤ ጨርቁን በጆንያ በጆንያ መዘኑት። ሰልዋ እየሠራች አወራችለት። ሽቶ ሊገዙ መጥተው ሁለቱንም አንጓቸውን በነጻ አርሰው ስለሚሄዱ ሴቶች፣ ባሏ እንዳይሰማ ዋጋውን በሹክሹክታ ስለምትጠይቅ አንዲት ሙሽራ ነገረችው። እሱም ከኮምቦልቻ ሲወጣ ፍራሽ መስፋት እንደማያውቅና መጀመሪያ የሰፋው ፍራሽ በተኚው ሥር እንደተተረተረ ነገራት። አንድ ጊዜ ከት ብላ ስትስቅ ባለ እህሉ አንገቱን አውጥቶ አያቸው። አባት በውስጡ፣ ያ ነገር ያለቀ ያህል፣ ለሚመጣው ሰዓት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚህ የተፈጸመ ያህል ተሰማው።

የዐስር አዛን ሲሰማ ከረጢቱ ከትከሻው በላይ ሞልቶ ነበር። ጀማሉዲን እዚያው በመደብሩ ውስጥ ሰገደ፤ ሰግዶም ዘነዘናውን አነሣ። ሰልዋ ተመለከተችው። «ይህን ንብርብር ካልወቀጥኩት ይላላል» አላት። ወቀጠው። ስልኩ ጠራ፤ እጁ ጨርቅ ውስጥ ስለነበር እሷ አነሣችው። «ባሬ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል ይልሃል» አለችው። «ደርሻለሁ በዪው» አለ። እሷም ለባሬ ነገረችው። ሌላ ንብርብር ገባ። ሌላ ቁልፍ ተቆረጠ። ስልኩ እንደገና ጠራ፤ አሁን ማንም አላነሣውም፤ በተከመረው ስፖንጅ ላይ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ሄዶ ቆመ።

«አባ፣ ሂድ» አለች።

«አፉን ልስፋና።»

«አፉ ነገም ይሰፋል።»

«እንዲህ ክፍቱን ከተውኩት ጨርቁ ያብጣል፤ ጥቂት ነው የቀረኝ» አለና ክር በመርፌው ቀዳዳ ሊያስገባ ወደ ብርሃኑ ዞረ። ክሩ አልገባም አለው። ጫፉን በምራቁ አርሶ ደገመው። የሚሸሸው እነዚያን ፊቶችና ያቺን አንዲት ቃል ይሁን፣ ወይስ ከሄደ በኋላ የልጁ ድምፅ ተመልሶ የሚዘጋ መስሎት እዚያው መቆየት ፈልጎ ይሁን፣ እሱ ራሱ ለይቶ ሊናገር አይችልም ነበር። ሁለቱ በውስጡ ተጣምረው አንድ ክር ሆነው ነበር። ሰልዋ ለረጅም ጊዜ ጀርባውን ተመለከተች። ከዚያም መቀሱን በቀስታ አስቀምጣ፣ ጉልበቷ ላይ የተሰበሰቡትን ቁልፎች መሬት ላይ አራግፋ፣ ኒቃቧን ወደ ፊቷ መለሰች። የወጣችው ክሩ በገባለት ቅጽበት ነበርና አባቷ መሄዷን ያወቀው ቀና ሲል ነው።

ያን ጊዜ ሮጠ። ሸራውን አፉ እንደተከፈተ ትቶት፣ መደብሩን ሳይዘጋ፣ ባጃጅ አስቁሞ ገባ። መንገዱ በሰዓቱ ተጨናንቆ ነበር፤ ሹፌሩ ከፊቱ ያለውን የጭነት መኪና ይሰድባል፤ ጀማሉዲን ከኋላ ሆኖ ያችን ቃል ደጋግሞ ይላል፤ አሁን ያለ እንቅፋት ትወጣለታለች። የሻይ ዳሱ ጋ ሲደርስ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። የሻይ ቤቱ ሰው ብርጭቆ ይሰበስባል። ባሬ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ ጀማሉዲን ሲመጣ እያየው አልተንቀሳቀሰም።

«መጥቶ ነበር እኮ፣ ጋሽ ጀማል» አለ ባሬ። «ፈርሐን መጥቶ ነበር። አንገቱን ደፍቶ እዚህች ላይ ተቀምጦ ነበር። መታኋት ብሎ የሚያምን ይመስለኝ ነበር፤ ብቻ የሚጠይቀው ሰው ቢኖር።»

«ዒሴስ?»

«ጠበቁ፤ ብዙ ጠበቁ። እኔም መንገድ ላይ ነው እያልኩ አስቀመጥኳቸው። ኋላ ላይ አንዱ ሽማግሌ፣ ሰውየው ካልመጣ የመጀመሪያ ቃሉ ቃሉ ነው ማለት ነው አለ፤ ሌሎቹም እንደዚያው አሉ። ዒሴም ተነሡና ሄዱ።» ባሬ እጁን ወደ ጀማሉዲን ትከሻ አስጠግቶ መልሶ ሰበሰበው። «እኔ ከጎንዎ ልቀመጥ ነበር የመጣሁት፤ ከባዶ ወንበር ጎን እንዴት ይቀመጣል?»

የመግሪብ አዛን ከገበያው መስጊድ ተነሣ፤ ሌላው መስጊድ ተቀበለው፤ ሰዎች ሱቃቸውን በጨርቅ እየጋረዱ ወደ ሰላት ሄዱ። ጀማሉዲንም ከኋለኛው ረድፍ ቆሞ ሰገደ፤ ምን እንደቀራ ግን አላስታወሰም። ቤት ሲገባ ፈትሂያ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቱን አይታ አልጠየቀችውም። ፍራሾቹ ተነጥፈዋል። ሰልዋ ከመጋረጃው ጀርባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ ያልተኛች ሰው አተኛኘት ነበር። መጋረጃው ጋ ቆሞ «ሰልዋ» አለ። ቆየና ደገመው። ፈትሂያ ሊያደርሱት የሚቻል ቃል ካለ ልታደርስ ጠበቀች፤ ግን ከሁለቱም ወገን ምንም የሚደርስ ቃል አልመጣም።

ከረጢቱን በማግስቱ አፉን ሰፍቶ ጨረሰው። ሆኖም በሼክ ኑር የተከራዩት ቤት የጣሪያ እንጨት ያን ያህል ክብደት እንደማይሸከም የገባው ሊያንጠለጥለው ሲለካ ነው፤ ስለዚህ በመደብሩ ጥግ ቆሞ ቀረ። ሰልዋ በዚያው ወር እቃዋን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ጅግጅጋ ወዳለው የእናቷ ወንድም ሄደች።

በተከታዩ ዓመት፣ ከረመዳን በፊት፣ ጅግጅጋ ላይ አገባች። ጀማሉዲን ውክልናውን በስልክ ሰጠ፤ በኒካሑ ላይ በአባቷ ቦታ፣ ዳሪዋ ወሊ ሆኖ የተቀመጠላት ያ የእናቷ ወንድም ነው።